ሰው የለመደ ሞተር

ትርንጎ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ያወራችው ወሬ ይህ ነበር፤ ያ የአቶ ወልደ ሚካኤል ሞተር ሰው በልቷል። አንድ አይደለም፣ ሦስት። ሦስቱንም ሳን ሆዜ፣ እዚያው አንድ ኩርባ ላይ ነው የበላቸው። አሁን ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አራተኛውን ይጠብቃል። እሷ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ በግድግዳው በኩል ሲተነፍስ ትሰማዋለች።

«ሰው የቀመሰ ጅብ ታውቂ የለ?» አለች በስልክ ለምታወራት ሴትዮ። «ፍየል ብታቀርቢለት ዞሮም አያይ። ሰው የለመደ ሰው ነው የሚፈልገው። ይሄም እንደዛው ነው እቴ።»

ብሩክታዊት ከአጥሩ ወዲህ ባልዲ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ትርንጎም እንደምትሰማት አውቃለች፤ ሰው ካልሰማት ማውራት አይጥማትም። እሷ ዘንድ የገባ ወሬ እንደ እርሾ ነው፣ ሲያድር እጥፍ ይሆናል። ያንን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ልጅቷ ባልዲውን አንስታ ወደ ጋራዡ ስትገባ፣ ያንን ቀይ ሞተር እንደ ሌላው ቀን በሩጫ አልቀረበችውም። ዞር ብላ ነው ያለፈችው።

ሰፈሩ ኦክላንድ ነው፤ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ። ብሩክታዊት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ የወርቅውሃ ሬድውድ ሲቲ ድረስ ሄዳ ሰው ቤት አሮጊት ስትንከባከብ ስለምትውል፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጎረቤታቸው አቶ ወልደ ሚካኤል ጋራዥ ትገባለች። እናትየው ለልጇ «ሂጂና ሽማግሌውን እይልኝ» ትላታለች። ለሽማግሌውም «ልጄን አደራ፣ ይዩልኝ» ትላቸዋለች። ሁለቱም ጠባቂው እኔ ነኝ እያሉ አብረው ይውላሉ።

ሞተሩ ትራያንፍ የሚሉት የድሮ የእንግሊዝ ሥራ ነው። ቀጭን ነው፣ እንደ ውሻ ሆዱ የተሰበሰበ። መብራት የለው፣ መስታወት የለው፣ ጥሩምባ የለው። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ቀን ከላይ እስከ ታች ፈልጋ ያጣችው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«አባባ ወልዴ፣ ፍሬኑስ?»

«የለውም።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ድሮ፣ እዚህ አገር፣ በአፈር ሜዳ ላይ በሚደረገው እሽቅድምድም ፍሬን ክልክል ነበር ብለው አስረዷት። ሁሉም ተጠጋግቶ ነው የሚሮጠው፤ አንዱ ድንገት ከያዘ ኋለኛው ይወጣበታል ተብሎ ነው። ሜዳው ክብ ነው፣ መዞር ወደ ግራ ብቻ ነው። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሞተሩን ወደ ጎን ያስተኙታል፤ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ፣ ግራ እግራቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ያልፋሉ። ለዚያ እግር የብረት ጫማ ነበራቸው። ከአሮጌ መኪና መከላከያ ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ የሚሠራ። አፈሩን ሲነካ እሳት ይረጫል።

«እና ለማቆም ሲፈልጉስ?» አለች።

«እጀታውን መልሰሽ ጋዙን ትዘጊያለሽ። ከዚያ ትጸልያለሽ።»

ይህን ሁሉ የነገራቸው ሬይ የሚባል ፈረንጅ ነው። አቶ ወልደ ሚካኤል በስደት ሲመጡ መጀመሪያ ሥራ የሰጣቸው እሱ ነበር፤ ሳን ሆዜ ባለው የሞተር ጋራዡ መጥረጊያ አስያዛቸው። ቆይቶ መፍቻ አስያዛቸው። ከዚያ ወዳጅ ሆኑ። ሬይ በጎረምሳነቱ ከነዚያ እብዶች አንዱ ነበር። ሞተራቸውን በፒካፕ ጭነው ሌሊቱን ሙሉ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲነዱ ያድሩና፣ ጠዋት ቡና ጠጥተው ይወዳደሩ ነበር አሉ። እጁ በጀሶ የታሰረ ጀሶውን ራሱ በመጋዝ ቆርጦ ይወጣል። የሚሸለሙት ለመመለሻ ቤንዚን ከበቃ ደስታ ነው። ለምን እንደሚያደርጉት ሲጠየቁ መልስ የላቸውም፤ ይስቃሉ እንጂ።

ሬይ ባለፈው ክረምት አረፈ። ሞተሩን ለአቶ ወልደ ሚካኤል ተወላቸው። የሳን ሆዜው ሜዳም ሊታረስ ነው፤ ቤት ሊሠራበት። ከመታረሱ በፊት የድሮ ሞተሮች ለመጨረሻ ጊዜ የሚዞሩበት ቅዳሜ ተቆረጠ፤ አባባ ወልዴም በዚያ ዕድሜያቸው ስማቸውን አስመዘገቡ።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ነው እንግዲህ አጥሩ ላይ የወጣችው።

ቅዳሜው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ሽማግሌው ቅዳሴ ሄደዋል። ብሩክታዊት ጉንፋን ይዟት ቤት ቀርታለች። ከውጭ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማች። ወዲያው ዱብ አለ። ከዚያ ዝም።

በነጠላ ጫማ ሮጣ ወጣች። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሚልክያስ መንገዱ ዳር ቆሟል። ሞተሩ የፊት ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር አጋጭቶ ተጋድሟል። ስልኩ ቆሻሻ መጣያው ላይ ተደግፎ ገና ይቀርጻል።

«ፍሬኑን ፈለግኩት» አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «አይ ስዌር፣ እምላለሁ፣ ፍሬኑን ፈለግኩት።»

ሚልክያስ ክፉ ልጅ አይደለም። ከእሷ አንድ ክፍል ከፍ ይላል፣ ቁመናው ያማረ፣ ተጫዋች፣ ቪዲዮ ካልቀረጸ የኖረ የማይመስለው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። አባትየው ላስ ቬጋስ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ለመምታትም እጁ ፈጣን ነው። ሌላ ጥፋት ከሰማሁ መጥቼ እወስድሃለሁ ብሎታል። ልጁ ደግሞ ላስ ቬጋስን ከሚያይ ገደል ይሻለዋል።

ሁለቱ ሞተሩን እየገፉ አስገቡት። አፈሩን ጠረጉ። የተጫረው ትንሽ ነው፣ በጨርቅ ጠፋ። ሚልክያስ መተንፈስ ጀመረ። ያኔ ነው ብሩክታዊት መሪው የሚሰካበት ወፍራም ቱቦ ላይ፣ ከአንድ አሮጌ ብየዳ ጎን፣ አንድ ነገር ያየችው። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር።

«ቀለም ነው» አለ ሚልክያስ።

ብሩክታዊት ወደ መደርደሪያው ዞረች። መደርደሪያው ላይ ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅና የጠመኔ ዱቄት አለ። ይህን ያስተማሯት አባባ ወልዴ ናቸው። ብረት ተሰነጠቀ አልተሰነጠቀ ዓይን አይለየውም ብለው። ነጭ ጋዙን ትቀቢዋለሽ፣ ስንጥቅ ካለ ሰርጎ ይገባል። ላዩን ታደርቂዋለሽ። ጠመኔውን ታቦኚበታለሽ። ከዚያ ትጠብቂያለሽ። ብረቱ ደህና ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ተሰንጥቆ ከሆነ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔውን ያጠቁረዋል።

ቀባች። አደረቀች። አቦነነች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

መስመሩ ቀስ ብሎ ወጣ። ማንም ሳይነካው፣ በነጩ ላይ ጥቁር ሆኖ፣ እንደሚሳብ ነገር ቱቦውን ግማሽ ዞረው።

ሚልክያስ በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዝም በይ አላት። ቅዳሜ የሚደረገው እሽቅድምድም አይደለም፣ ሰልፍ ነው፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን እያውለበለቡ በቀስታ ይዞራሉ፣ በቃ። ካለፈ በኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«በጊዮርጊስ ገዝቼሻለሁ» አለ። «ለማንም እንዳትናገሪ። በጊዮርጊስ ግዝት።»

ይኸው፣ አሰራት። ኦክላንድ ያደገች ልጅ ናት ብላችሁ እንዳትንቁ። እናቷ በአንዲት አክስቷ ግዝት ምክንያት እስከ ዛሬ የማትረግጠው ቤት አለ፤ ለምን እንደተገዘተች እንኳ ረስታዋለች፣ ግዝቱን ግን አልረሳችም። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ግዝትን አይጥስም። ብሩክታዊት አፏን ገጠመች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሞተሩ ላይ አዲስ ነገር አየች። መሪው የሚሰካበት ቱቦ ላይ፣ መስመሩ በነበረበት ልክ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፏል። ወርቅማ ጠርዝ ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት፣ መዳፍ የሚያህል። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከታች ዘንዶው።

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሚልኪ ነው የለጠፈልኝ» አሉ። «ልጁ ልብ ገዛ። ፈረሰኛው ከፊቴ እንዲሄድልኝ ብሎ።» ጎንበስ ብለው ሥዕሉን ሳሙት። ሚልክያስ በሩ ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል።

ወሬው ዕለቱኑ ሰፈሩን ዞረ። ትርንጎ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፤ ግንባሯን አስነክታ፣ አሁንስ ይሄ አውሬ ረግቦ ይሆናል አለች። የብሩክታዊት ጓደኛ ወንጌላዊት እዚያው ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ቺፕስ ትበላ ነበር። ወንጌላዊት ጴንጤ ናት፣ እዚህ ነው የተወለደችው፤ በአማርኛ ብታናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች አይገባትም ብለው ፊቷ ላይ ሁሉንም ያወራሉ። ትርንጎም ያን ዕለት፣ የዚች ልጅ እናት መዝሙር ስትመራ የምትለብሰው ቀሚስ መጋረጃ ነው የሚመስለው አለች። ወንጌላዊት ቺፕሷን ቆረጠመች።

ሐሙስ አባባ ወልዴ ለመጨረሻ ጊዜ ሞተሩን ሊፈትሹ ተነሱ። ነጭ ጋዙን አምጪ አሏት። አመጣች። ጠመኔውንም አሏት። አመጣች። አሁን ያዩታል፣ አለች በሆዷ፤ እኔ ሳልናገር ራሳቸው ያዩታል፣ ይገላግሉኛል።

ከኋላ ጀመሩ። የኋላውን የብረት አካል፣ ሻንሲውን፣ ቀቡ፣ አደረቁ፣ አቦነኑ። ነጭ። ሞተሩ የታሰረበትን ብረት። ነጭ። ወደ ፊት መጡ። እጃቸው ወደ ወፍራሙ ቱቦ ወጣ፣ ጨርቁ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ደረሰ።

ቆም አሉ። ጨርቁን መለሱት።

«ፈረሰኛውን በጋዝ አላበላሸውም» አሉና አለፉት።

ብሩክታዊት ዝም እንዳትል ብቻ ትርንጎ የምታወራው እውነት ነው ወይ አለቻቸው፤ ሦስት ሰው በልቷል የምትለው። ሽማግሌው ሳቁ። በትርንጎ ቢሆን ሳን ሆዜ ሰው ባልተረፈ ነበር አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረ።

ሦስት አይደለም አሉ። አንድ ነው። ዳኒ፣ የሬይ ታናሽ ወንድም። በሞተበት ቀን ጠዋት ሬይ ሞተሩን ሲያጥብ ቱቦው ላይ መስመር አይቶ ነበር። ጭረት መሰለው። ወንድሙ እንዳይከፋበት፣ ቀኑም እንዳያልፈው ዝም አለ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ብረቱ ለሁለት ሄደ፣ መሪው በዳኒ እጅ ቀረ። ሬይ ከዚያ በኋላ ሻንሲውን በየደው፣ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ሰቀለው፤ እስኪሞት ማንንም አላስነካም። ጠመኔና ነጭ ጋዝ የተማረውም ከዚያ በኋላ ነው። እየደጋገመ የሚያወራው ስለ ወንድሙ አወዳደቅ አልነበረም፤ ስለዚያ ጠዋት ነበር። አየሁት፣ አየሁትኮ ይል ነበር።

«ሊሞት ሲል ጠራኝ» አሉ። «ዳኒ ያልጨረሳትን አንዲት ዙር ጨርስልኝ፣ ከዚያ ይረፍ አለኝ። ቃል ገባሁለት።»

«በቀስታ ነው አይደል የሚሄዱት? እንደ ሰልፍ?»

ሽማግሌው በሩን አየት አደረጉ፣ ድምፃቸውንም ቀነሱ። «ለሌላ እንዳትነግሪ። ሌሎቹ በቀስታ ይሂዱ። እኔ ግን ጋዙን እስከ መጨረሻው ነው የምከፍተው። የዳኒ ዙር በእርምጃ አይዞርም።»

እንግዲህ በሁለት በኩል ታሰረች። ትንሽ ቆይታ፣ አባባ፣ ግዝት በምን ይፈታል አለቻቸው። እሳቸው የሞተሩን ሰንሰለት ቅባት እያስነኩ፣ ወይ ያሰረው ይፈታዋል፣ ወይ ቄስ ይፈታዋል አሉ። ማን ገዘተሽ ብለው ቀና ሲሉ፣ ለትምህርት ቤት ነው አለች። ኦክላንድ ውስጥ ግዝት የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንደሌለ እያወቁ ወደ ሰንሰለቱ ተመለሱ። የልጅ ነገር መስሏቸው።

ቄስ ጋ መሄድም መናገር ነው፤ ስለዚህ ዓርብ ሚልክያስን ከክፍል ሲወጣ ጠብቃ ያዘችው። ሙሉ ጋዝ ነው የሚሄዱት፣ ፍታኝ አለችው። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ሽማግሌ እንዲህ ይላል እንጂ አያደርገውም አለ፤ ጉልበቱን ይዞ ነው ደረጃ የሚወጣው አለ። ድምፁ ግን የሚያምን ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ፍታኝ፣ ሚልኪ።»

«አባቴ ቬጋስ ይወስደኛል» አለና ጓደኞቹ መሃል ገባ።

ቅዳሜ ጭጋጉ አልተነሳም። በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ሳን ሆዜ ድረስ ሲወርዱ የሽማግሌው ጭነት መኪና ከፊት ነበር፣ ሞተሩ ከኋላው ታስሮ። የለበሰው ሸራ ነፋስ እየገባበት ከፍ ዝቅ ይላል። ሲተነፍስ ይመስላል። ብሩክታዊት በትርንጎ መኪና የኋላ ወንበር ከወንጌላዊት ጋር ተቀምጣ ዓይኗን ከሸራው አላነሳችም። ወንጌላዊት፣ አሞሽ ነው ወይ ለማለት፣ ኧር ዩ ሲክ አለቻት። ራሷን ነቀነቀች።

ሜዳው ካሰበችው ያነሰና ያዘነ ነው። ቡናማ አፈር፣ ክብ፣ አጥሩ የተላጠ። የእንጨቱ መቀመጫ ግማሹ ተነቅሏል፤ ወዲያ ማዶ ቢጫ የቁፋሮ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሽማግሌ ፈረንጆች የቆዳ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የማይዘጋውን ዚፕ እየሳቡ ሞተራቸውን ያብሳሉ። ቢኤስኤ፣ ሃርሊ፣ ኢንዲያን። አንዱ ሲነሳ ሌላውም ይነሳል፤ ጩኸቱ ከጆሮ አልፎ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ኩርባ ጋ አምቡላንስ ቆሟል። ሾፌሩ እግሩን ሰቅሎ በርገር ይበላል።

ከቤተ ክርስቲያን ብዙ ሰው መጥቷል። ትርንጎ ከፊት ናት። አባባ ወልዴ የሬይን ቆዳ ጃኬት ለብሰዋል፣ ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ግራ እግራቸው ላይ የብረቱን ጫማ አስረዋል፤ ሲራመዱ ቃጭል ይመስላል። ሕዝቡ እየተራ ሥዕሉን ይስማል። ሚልክያስ ስልኩን ይዟል፣ ግን አይቀርጽም። ላብ ብሎታል።

ድምፅ ማጉያው የሽማግሌውን ስም አጣሞ ጠራው። ሳቁ። ሄልሜታቸውን አጠለቁ፣ ሞተሩ ላይ ወጡና አስነሱት።

ብሩክታዊት ሚልክያስን አየችው። አሁን ተናገር ብላ አየችው። እሱ ወደ ቁፋሮ መኪኖቹ ዞረ።

የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ነገር አለ፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅና በፌስታል የተቋጠረ ጠመኔ። ለምን እንደያዘችው ለራሷም አልነገረችም ነበር። አሁን አወቀች። አትናገሪ ነው ያላት። የታሰረው አፏ ነው። እጇን ማንም አልገዘተውም።

ሰው መሃል ገብታ ሞተሩ ፊት ቆመች። ጎንበስ አለች። ጥፍሯን ከወርቁ ጠርዝ ሥር አስገብታ ሥዕሉን ላጠችው።

በመጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ ትርንጎ ጮኸች። ጊዮርጊስን ገነጠለችው አለች፣ ኡኡ አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ምን ነክቷት ነው፣ ማን ልኳት ነው አሉ፤ አንዷ ወንጌላዊትን አየት አድርጋ፣ ከጴንጤ ጋር መዋል ይሄ ነው ትርፉ አለች። ሽማግሌው ሄልሜታቸው ውስጥ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ምን ማድረግሽ ነው፣ ልጄ?»

አልመለሰችም። ሥዕሉን በግራ እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ መሬት እንዳይነካ። በቀኟ ጨርቁን አውጥታ ቱቦውን ነጭ ጋዝ ቀባችው። በእጅጌዋ አደረቀችው። አንድ ሰው ትከሻዋን ያዛት፣ አስለቀቀችው። ጠመኔውን አቦነነች። ከዚያ ቆማ ጠበቀች።

አባባ ወልዴ ጠመኔውን አዩ። ሌላው ሰው ምን እንደሚያይ አያውቅም፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ። ቀስ ብለው ወደ ፊት አጎነበሱ።

መስመሩ ወጣ። ከእሑዱ ረዝሟል። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ከብየዳው ጫፍ ተነስቶ ቱቦውን ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶታል።

ሽማግሌው ጋዙን ዘጉ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ጠፋ። ሄልሜታቸውን አወለቁና መስመሩን አዩ፣ በልጅቷ ደረት ላይ ያለውን ሥዕል አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው የልጅ ልጃቸውን ፈለጉ። ሚልክያስ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ።

ከኋላ ያሉት ግን ይህን አላዩም። ትርንጎም አላየችም። እሷ ሕዝቡን ለሁለት ከፍላ እየመጣች ነው፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ ጣቷን ቀስራ። «የሱን ሥዕል የነካ እጅ ይደርቃል» ትላለች። «ትሰሚያለሽ አንቺ ልጅ? ይደርቃል እጅሽ። ይደርቃል።»

ወንጌላዊት ሞተሩ አጠገብ ተንበርክካ ጠመኔው ላይ የወጣውን ስንጥቅ ታይ ነበር። ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች። በትርንጎና በጓደኛዋ መካከል ገብታ ቆመች፣ አፏንም ከፈተች፤ የወጣው እንግሊዝኛ አልነበረም።

«ይድረቅ፣ እትዬ ትርንጎ» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «የአባባ ወልዴ አንገት ከሚሰበር የብሩኬ እጅ ይድረቅ።»

የትርንጎ ጣት አየር ላይ ቀረ።